የውሻ ሳል ምን ይነግረናል?

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ አባቶቻችን። ሌባ የቱን ያህል ቢጠነቀቅ ሳሉ ያጋልጠዋል፤ ሳል ባለቤቱ ሊሸሽገው የማይችለው ምስክር ነውና። ምሳሌው ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለውሻም ይሠራል። ውሻ ደረቱን ሲያመው፣ ልቡ ሲደክም ወይም በጉሮሮው አጥንት ሲሰነቀር በአንደበቱ ሊነግረን አይችልም፤ ያስላል፣ እኛም እንሰማዋለን። የሰማነውን ግን አንመረምረውም። አንዳንዴ «ብርድ ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ አንዳንዴም «አጥንት ነው» ብለን እጃችንን ወደ አፉ እንሰዳለን። የመጀመሪያው ስሕተት የውሻውን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፤ ሁለተኛው ግን የእኛን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የውሻ ሳል ምን ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ከምን እንደሚመጣና ባለቤቱ ምን ማድረግ እንደሚገባው ባጭሩ ማስረዳት ነው። እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሮች እንጂ የእንስሳት ሐኪሞች አይደለንም። ስለዚህ የምንጽፈው ሐኪም እስኪገኝ ድረስ ስላለው ጊዜ ነው እንጂ የሐኪሙን ሥራ ለመውሰድ አይደለም። ያለ ምክንያትም አልተነሣንም፤ ያነሣሣን በኦቾሎ ራሳችን የሠራነው ስሕተት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በኦቾሎ የሆነው

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ አለታማ ከፍታ ላይ የተሠራ የጋሞ መንደር ነው። ቤቶቹ በእንሰት ተከበው ከገደሉ ጋር ተጠግተው ይታያሉ፤ በአለቱ ስንጥቅና በዋሻው ውስጥ ደግሞ ሽኮኮ ይኖራል። የመንደሩ ስም በሳይንስ መጻሕፍት የገባው በዚሁ በሽኮኮ ምክንያት ነው። ፊትን የሚያቆስለውና ጠባሳ ጥሎ የሚሄደው ቁንጭር በኦቾሎ ልጆች ላይ ይበዛ ስለ ነበር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተመራማሮች እየተመላለሱ መረመሩት። ያገኙትም ይህ ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው ረቂቅ ተሐዋሲ መኖሪያው በሽኮኮው ገላ ውስጥ ሲሆን፣ በአለቱ ስንጥቅ የምትኖር ትንሽ የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮው ወስዳ ሰውን ስትነክስ ታስተላልፍበታለች። ለዚሁ ተሐዋሲ በ1973 ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ የሚል የአገራችን ስም ያለበት መጠሪያ ተሰጠው። ከዚህ የምንማረው ሰው ብቻውን እንደማይታመም ነው፤ በደጁ ያሉትን እንስሳት ልብ ብሎ ያላየ የራሱንም ሕመም አያውቀውም።

እኛ ግን ይህን ትምህርት በመጽሐፍ አንብበን በመንደሩ ውስጥ ረሳነው። ባለፈው የክረምት ዕረፍት አራት ሆነን ከመካከላችን የአንደኛው አያቶች ወደሚኖሩበት ቤት ሄደን ነበር። በቤቱ ሌሊት ጅብ፣ ቀን ዝንጀሮ የሚያባርር አንድ ዳለቻ ውሻ አለ። እኛ ከመድረሳችን ከሳምንት በፊት የቤቱን ጎልማሳ ልጅ ተከትሎ ቁልቁል ወደ ኦቾሎ ላንቴ ወርዶ ከብዙ ውሾች ጋር ሲላፋ ሰንብቶ ነበር። በደረስን ማግሥት ማሳል ጀመረ። ሳሉ ደረቅና ከፍ ያለ ሆኖ፣ በመጨረሻው አንገቱን ዘርግቶ እንደሚያስመልስ ይሆንና ጥቂት ነጭ አረፋ ይተፋል።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ብርድ መታው» አለ፤ ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» አለች፤ እኛ ደግሞ የተማርን ነንና ድምፃችንን ከፍ አድርገን «አጥንት ነው» አልን። የዐሥር ዓመት ልጅ የሆነውን የቤቱን የልጅ ልጅ «አንተን ያውቅሃል፤ አፉን ክፈትና እይ» ያልነውም እኛው ነን። ልጁ እጁን እስከ አንጓው አገባ። አጥንት አላገኘም፤ እጁን ሲያወጣ ግን የውሻው ጥርስ ጣቱን ቧጥጦት ደም ብቅ አለ።

በዚህ ጊዜ በአጠገባችን ቆማ የነበረች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ለመሆኑ ይህ ውሻ ተከትቧል?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም እርስ በርሳችን ተያየን። የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ነገሩ የውሻው ሳል መሆኑ ቀርቶ የልጁ ሕይወት ሆነ። የልጁን ነገር ኋላ እንመለስበታለን፤ አስቀድመን ግን ያን ቀን ልናውቀው ይገባን የነበረውን እንመልከት።

ሳል ምንድን ነው?

የትንፋሽ ቧንቧ ከውስጥ በኩል በቀጭን ንፍጥና በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች የተለበጠ ነው። ፀጉሮቹ ያለ ዕረፍት እየተወዛወዙ አቧራውንና ጀርሙን ከንፍጡ ጋር ወደ ላይ ይጠርጋሉ። እነሱ ሊጠርጉት የማይችሉት ነገር ሲገባ ወይም የቧንቧው ግድግዳ ሲቈስል ነርቮች ለአንጎል ያስታውቃሉ። ያን ጊዜ እንስሳው አየር ይስባል፤ ማንቁርቱ ይዘጋል፤ የደረትና የሆድ ጡንቻዎች ሳንባውን ይጨምቃሉ፤ ማንቁርቱም በድንገት ሲከፈት የታመቀው አየር በኀይል ይወጣል። እንግዲህ ሳል ራሱ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክትና የሳንባ መከላከያ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ ሳሉን ብቻ ዝም ለማሰኘት መሞከር የዘበኛውን ጩኸት ጠልቶ ሌባውን እንደ መተው ነው።

ከሳል ጋር የሚመሳሰሉ ነገሮች አሉ፤ መለየት ያስፈልጋል። ማስመለስ ከሆድ የሚመጣ ነው፤ ሆዱ ይሸመቀቃል፣ የሚወጣውም ምግብ ወይም ቢጫ ውሃ ነው። በሳል መጨረሻ የሚወጣው ግን ጥቂት ነጭ አረፋ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አረፋ አይቶ ውሻው የታነቀ ይመስለዋል። አንዳንድ ውሻ ደግሞ ቆም ብሎ አንገቱን ዘርግቶ አየሩን በአፍንጫው ወደ ውስጥ በተከታታይ እያንኮራፋ ይስባል፤ ይህ ወደ ውስጥ የሚነጠስ ንጥሻ ነው ሊባል ይቻላል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት የለውም። በእውነት የታነቀ ውሻ ግን እንደ ልቡ ለማሳል አየር የለውም፤ አፉን በመዳፉ ይቧጥጣል፣ ይንፈራገጣል፣ ድዱ ይጠቁራል።

ባለቤቱ ራሱን የሚጠይቃቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። ሳሉ መቼ ይመጣል፤ ሌሊት ተኝቶ ሳለ ነው ወይስ ሲሮጥ? ድምፁ እንዴት ነው፤ ደረቅ ነው ወይስ አክታ ያለበት? ውሻው በነዚህ ሁለት ሳምንቶች ከማን ጋር ዋለ? ከሳሉ ጋር ሌላ ምን ምልክት አለ፤ ይበላል? ይጠጣል? ዓይኑና አፍንጫውስ? እነዚህን አራት መልሶች ይዞ ሐኪም ዘንድ የሚቀርብ ሰው የምርመራውን ግማሽ ሠርቶ ቀረበ ማለት ነው።

የሳል ዓይነቶች

1ኛ/ ተላላፊው ሳል። ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ብዙ ውሾች በተሰበሰቡበት ቦታ ይጋባል። የሚያመጡት ልዩ ልዩ ቫይረሶችና ቦርዴቴላ የሚባል ባክቴሪያ ናቸው። ይህ ባክቴሪያ ለአንባቢ ባዕድ አይደለም፤ ሕፃናትን ትክትክ የሚያሲዘው ጀርም የቅርብ ዘመዱ ነው። የትክትክን ጀርም ቤልጅጋዊው ዡል ቦርዴ ከጓደኛው ከዣንጉ ጋር በ1906 ለይቶ ስላወጣው ሁለቱም ጀርሞች በእርሱ ስም ይጠራሉ። ውሻው ከታመመው ጋር ከተገናኘ ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ደረቅ፣ ከፍ ያለ፣ የዝይ ጩኸት የሚመስል ሳል ይጀምረዋል። ይበላል፣ ይጫወታል፤ ብቻ ያስላል። አብዛኞቹ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይድናሉ። ቡችሎች፣ ያረጁና የደከሙ ውሾች ግን ወደ ሳንባ ምች ሊሻገርባቸው ይችላል።

2ኛ/ ዲስቴምፐር። ይህ ከባዱ ነው። መጀመሪያ ተራ ጉንፋን ይመስላል፤ ትኩሳት፣ ከዓይንና ከአፍንጫ የሚወርድ ወፍራም ፈሳሽ፣ እርጥብ ሳል። ቀጥሎ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፤ አንዳንዴ የመዳፉና የአፍንጫው ቆዳ ይደርቃል። ከሳምንቶች በኋላ በሽታው ወደ አንጎል ሲደርስ መንጋጋው ማስቲካ እንደሚያኝክ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ይርገበገባል፣ ይጥለዋል። ቫይረሱ የሰው ኩፍኝ ቫይረስ ዘመድ ነው፤ ሰውን ግን አያሳምምም። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ የሚቻለው ውሻውን መደገፍና አስቀድሞ መከተብ ነው።

በሽታው ከቫይረስ እንደሚመጣ ፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም አንሪ ካሬ በ1905 አስታወቀ። በ1920ዎቹ ደግሞ ፓትሪክ ሌድሎና ጆርጅ ደንኪን የተባሉ እንግሊዛውያን በለንደን አጠገብ ክትባቱን ለማግኘት ሲደክሙ ፌሬት የሚባል ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ በዲስቴምፐር እንደሚያዝ ተጠቀሙበት። ይህ የውሻ ሥራ ለሰው ምን ጠቀመ? የሚል ቢኖር መልሱ እነሆ፤ በ1933 ሌድሎ ከዊልሰን ስሚዝና ከክሪስቶፈር አንድሩስ ጋር ሆኖ የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው በእነዚያው ፌሬቶች አማካይነት ነው። ለውሻ ሳል የተደከመው ድካም የሰውን ሳል ምክንያት አስገኘ።

3ኛ/ የልብ ሳል። በተለይ ባረጁ ትናንሽ ውሾች የልብ በር ሲላላ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ልብ ይሰፋል፣ የትንፋሽን ቧንቧ ይጫናል፤ እየቆየም ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። ውሻው ሌሊትና ሲተኛ ያስላል፣ ጥቂት ሮጦ ይደክማል። ለዚህ ቀላል መመርመሪያ አለ፤ ውሻው እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ደረቱ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል መቍጠር ነው። ጤነኛ ውሻ ተኝቶ ከ30 በታች ይተነፍሳል፤ በተከታታይ ከ30 በላይ ከሆነ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

4ኛ/ የቧንቧ መላላት። በከተማ በየቤቱ በሚያድጉት ትናንሽ የፈረንጅ ውሾች ላይ ይታያል። የትንፋሽ ቧንቧቸው ቀለበት ይለሰልስና አየር ሲስቡ ይጣበቃል። ሲደሰቱ፣ ሲሮጡ ወይም በአንገታቸው ሲጎተቱ ያስላሉ። የነዚህ መድኃኒት ግማሹ ገመዱን ከአንገት አውርዶ በደረት ማሰር፣ ከልክ ያለፈም ውፍረት እንዳይኖራቸው መጠበቅ ነው።

5ኛ/ ትል። ስፓይሮሰርካ የሚባል ትል ሙቀት ባለበት አገር፣ በምሥራቅ አፍሪቃም ጭምር፣ ውሾችን ያጠቃል። እንቁላሉ ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ ፋንድያ የምታንከባልለው ጥንዚዛ ትበላዋለች፤ ውሻ ጥንዚዛዋን ወይም እርሷን የዋጠ ዶሮ ሲበላ ትሉ ወደ ምግብ ቧንቧው ገብቶ እብጠት ይሠራል። ውሻው የበላውን ይመልሳል፣ ይከሳል፣ ያስላል። ከብትና ውሻ አብረው በሚያድሩበት የገጠር ቤት ይህን ማሰብ ይገባል።

6ኛ/ ጢስ። በገጠሩ ቤት ምድጃው በመካከል ነው፤ ውሻውም ሌሊት አመዱን ተጠግቶ ይተኛል። ሰውን የሚያስለው ጢስ ውሻንም ያስለዋል። መኝታውን ወደ በር መለወጥ ብቻ ሳሉን ያስታገሠበት ጊዜ አለ።

ሳል የሚመስለው አደጋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የእብድ ውሻ በሽታ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አረፋ እየደፈቀ፣ ያገኘውን እየነከሰ የሚሮጥ ውሻ ነው። እንዲህ ያለው መኖሩ እውነት ነው። ሌላው መልክ ግን ዝምተኛ ነው። በዚህኛው ውሻው አይሮጥም፣ አይናከስም። ቫይረሱ የጉሮሮውንና የመንጋጋውን ነርቭ ሽባ ያደርግበታል። መዋጥ ያቅተዋል፤ ምራቁ ይዝረበረባል፤ የታች መንጋጋው ይንጠለጠላል፤ ጩኸቱ ይለወጣል፤ እንደ ታነቀ ሆኖ ያቃስታል፣ ሊያስል ይሞክራል። ያየው ሁሉ «ምስኪን፣ አጥንት ተሰንቅሮበታል» ይላል። የሚያዝንለት ሰው አፉን ከፍቶ እጁን ያገባል። የዚህ በሽታ ቫይረስ ያለው ደግሞ በምራቁ ውስጥ ነው፤ ለመግባትም ጭረት ይበቃዋል። ክፉው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ጨካኙ ሰው ይሸሻል፣ ደጉ ሰው ይያዛል።

በሽታው በሰው ላይ ምልክቱን ካሳየ በኋላ ማዳን የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚሁ እንደሚሞት ይገመታል፤ አብዛኞቹ በአፍሪቃና በእስያ ሲሆኑ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ሳይታይ ከተደረሰበት ግን መከላከያ አለው። ሉዊ ፓስተር በሐምሌ 1885 ዦዜፍ ሜስተር የተባለውን በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ አተረፈው። በኦቾሎ እጁን ያገባው ልጅ ከሜስተር የሚበልጠው በአንድ ዓመት ብቻ ነበር። ከፓስተር ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ሳለ በዚህ በሽታ ልጅ የሚሞተው እውቀቱ ስለሌለ አይደለም፤ «ምንም አይደል፣ ትንሽ ጭረት ናት» ስለሚባል፣ ቀኑም በቤት መድኃኒት ስለሚያልፍ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የጎረቤት ትምህርት እንጥቀስ። ዳን ስፐርበር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ከኦቾሎ ብዙም በማይርቀው በዶርዜ ኖሮ በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፣ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነውና ጾም ይጾማል ይላሉ፤ ነገር ግን ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ከብታቸውን እንደ ሌላው ቀን ይጠብቃሉ። ስለ ውሻ ሳልም እንዲሁ ነው። «ተራ ሳል ነው» ብሎ ማመን አይከለከልም፤ ክትባቱ ባልታወቀ ውሻ አፍ እጅን አለማግባት ግን የዘወትር ሕግ ይሁን።

የልጁና የውሻው ነገር

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አልጮኸችም፣ እኛንም አልሰደበችም። የልጁን ጣት በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አሳጠበችው። በማግሥቱ ጠዋት ልጁና አባቱ፣ ከእኛም ሁለታችን፣ ወደ አርባ ምንጭ ወረድን፤ ክትባቱም በዚያው ቀን ተጀመረለት። መኪና ውስጥ ልጁ «ውሻችን ይሞታል?» ብሎ ሲጠይቀን የምንመልሰው አጣን። እርሱ ስለ ውሻው ይጨነቃል፤ እኛ ስለ እርሱ።

በመንደሩ የቀሩት ሰዎች ደግሞ ውሻውን በድንጋይ ወግረው ለመግደል ተነሥተው ነበር። የከለከሉት የቤቱ አያት ናቸው። «ምስክሩን ከገደላችሁት ማንን ልትጠይቁ ነው?» አሏቸው። ሽማግሌው ይህን ያሉት ሳይንሱን ተምረው አይደለም፤ ነገር ግን ያሉት ሳይንሱ የሚለውን ነው። ውሻ በምራቁ ቫይረሱን ማውጣት ከጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም። ስለዚህ ሰው የነከሰ ውሻ 10 ቀን ታስሮ ከተጠበቀ በኋላ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ፣ በነከሰበት ቀን ቫይረሱ በምራቁ አልነበረም ማለት ነው። የልጁ ክትባት ግን ይህን ሳይጠብቅ ይጀመራል፤ ማቆም የሚቻለው ኋላ በሐኪም ትእዛዝ ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ የተባለውን ሁሉ ሰምቶ ውሻውን ለብቻው በጠንካራ ገመድ በጥላ ሥር እንዲያስሩት፣ ምግቡንና ውሃውን በእንጨት እየገፉ እንዲሰጡት፣ ማንም እንዳይነካው አዘዘ። ውሻው በአራተኛው ቀን ያስል ነበር፤ ግን ይበላል፣ ውሃውንም ይውጣል። በሰባተኛው ቀን ሳሉ ቀነሰ። በዐሥረኛው ቀን ዝንጀሮ ሲያይ በራሱ ድምፅ ጮኸ። እኛ ያን ጊዜ ወደ ትምህርታችን ተመልሰን ስለ ነበር ወሬውን የሰማነው በስልክ ነው። ከኦቾሎ ላንቴ ይዞት የመጣው ተላላፊው ሳል ኖሯል። የልጁም ክትባት በሐኪሙ ቃል ቆመ።

«እንግዲያውስ ያ ሁሉ ድካምና ወጪ ለከንቱ ነበር» ያለን ጓደኛ አለ። ለከንቱ አልነበረም። ያን ቀን ውሻው የትኛው ሳል እንደያዘው የሚያውቅ በመንደሩ ማንም አልነበረም። ከንቱ የነበረው «አጥንት ነው» ያልነው የእኛ ቃል ነው።

የአንዱ ሳል የሌላውም ነው

የውሻ ሳል የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በአገራችን እንጂ በሌላ በየትም የማይገኝ እንስሳ ነው፤ ጎልማሶቹ ሁሉ ቢቈጠሩ ከ500 አይበልጡም። በ2003 እና በ2004 በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን የእብድ ውሻ በሽታ ጨረሳቸው። በ2006፣ በ2010፣ ደግሞም በ2015 እና በ2016 ዲስቴምፐር ገባባቸው። በሽታዎቹ ወደ እነሱ የሚሻገሩት ከእረኛና ከከብት ጋር ወደ ተራራው ከሚወጡት ውሾች ነው። በታንዛንያም በሴሬንጌቲ በ1994 ዲስቴምፐር ከአንበሶቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉን፣ ማለት 1,000 የሚሆኑትን፣ ገድሏል። አንድ ሰው ቡችላውን አለማስከተቡ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ከዚህ ይታያል።

ምን እናድርግ?

ሀ) የሚያስለውን ውሻ ከሌሎች ውሾች መለየት፤ ሳሉ ከቆመም በኋላ ቢያንስ እስከ ሁለት ሳምንት ከሌላ ውሻ ጋር አለማገናኘት። የበላበትን ዕቃ ለብቻ ማድረግና ማጠብ።

ለ) ማሳረፍ። አለማስሮጥ፣ በአንገቱ አለመጎተት፣ ከጢስና ከአቧራ ማራቅ፣ ንጹሕ ውሃ ማቅረብ፣ ለስላሳ ምግብ መስጠት።

ሐ) አለመጋት። በአገራችን የታመመ እንስሳን አፉን ይዞ መድኃኒት መጋት የቆየ ልማድ ነው። የሚያስል ውሻ ሲጋት ፈሳሹ ወደ ሳንባው ይገባና ሌላ በሽታ ይሆናል። ለሰው ጉንፋን የምንወስደው ነጭ ሽንኩርትም ለውሻ መልካም አይደለም፤ ሽንኩርት በጠቅላላው የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል።

መ) የሰው መድኃኒት አለመስጠት። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ለውሻ መርዝ ሊሆኑ ይችላሉ። የሳል ሽሮፕም እንደዚሁ ነው፤ አንዳንዱ ውሻን የሚገድል ማጣፈጫ አለበት። ከሌላ ሰው የተረፈ አንቲባዮቲክ መስጠትም ቫይረሱን አይገድልም።

ሠ) በእውነት ታንቆ ትንፋሹ የተቋረጠ እንደ ሆነ፣ እጅን ወደ አፉ ሳያገቡ ከበስተ ኋላው ሆኖ ከጎድን አጥንቶቹ ጀርባ ሆዱን ወደ ፊትና ወደ ላይ በድንገት መግፋት ይቻላል። ቀስ ብሎ የሚታነቅ ከሆነ ግን ለሐኪም መተው ነው።

ረ) ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ተኝቶ ሳለ ማለክለክ፣ የድድ መንጣት ወይም መጥቈር፣ ደም ያለበት አክታ፣ አንድ ቀን ሙሉ አለመብላት፣ ትኩሳት፣ ከዓይንና ከአፍንጫ ወፍራም ፈሳሽ፣ መንቀጥቀጥ፣ መውደቅ። የጩኸት መለወጥ፣ የምራቅ መዝረብረብና የመንጋጋ መንጠልጠል ከታየ ደግሞ ማንም ሳይጠጋው ሐኪም ይጠራ።

ሰ) ማስከተብ። የዲስቴምፐር ክትባት ቡችላው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሆነው እየተደጋገመ ይሰጣል። የእብድ ውሻ ክትባት ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፤ በየጊዜውም ይታደሳል። ከአንድ አካባቢ ውሾች መቶ ሰባው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ መጋባቱን ሊያቆም እንደሚችል ሊቃውንት ተስማምተውበታል።

ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን

በምግብ አዳራሹ ጓሮ በየማታው አጥንት የምንወረውርላቸውን ውሾች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ስም አውጥተንላቸዋል፤ በፈተና ሰሞን አብረውን ያመሻሉ። የስንቶቹን ክትባት ግን እናውቃለን? ኅብረታችን ከእንስሳት ሕክምና ተማሮች ጋር ተነጋግሮ እነዚህን ውሾች አንድ ቀን ቢያስከትብ፣ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለአንድ የዳንስ ምሽት ከምናዋጣው የሚበልጥ አይመስለንም። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድም «የተማሩ ልጆች መጡ» ተብሎ ቃላችን ይሰማል። በኦቾሎ ቃላችን ተሰምቶ ነበር፤ መሰማቱ ነው ያስፈራን። ያንን ልጅ አፉን ክፈት ያለው ጎረቤት አልነበረም፤ እኛ ነበርን።

ስለዚህ በሚመጣው ክረምት በየመንደራችን ውሻ ሲያስል ስንሰማ፣ መልሱን ከመናገራችን በፊት ያቺ የጤና ሠራተኛ የጠየቀችውን ጥያቄ እናስቀድም፤ «ለመሆኑ ይህ ውሻ ተከትቧል?»